የእንግዳ ዐይን በቶኪዮ
ስለ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»

ስለ ሩቅ አገር ከተማ የሚጽፍ ሰው ሁለት ዓይነት አንባቢ ይጠብቀዋል። አንደኛው ከተማይቱን ከቶ አይቷት የማያውቅ፣ የተነገረውን ሁሉ ለማመን የተዘጋጀ ሰው ነው። ሁለተኛው የዚያችው ከተማ ተወላጅ ሲሆን፣ እንግዳው ስለ ቤቱ ምን ብሎ እንደ ተናገረ ለመስማት ጆሮውን ያቆማል። ከቀደምት የአማርኛ ጸሐፊዎቻችን መካከል ሁለቱንም ያገኙ ጥቂቶች ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከእነዚህ አንዱ ናቸው። በ1924 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጎሐ ጽባሕ ማተሚያ ቤት ያሳተሙት «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ሁለት ዓመት ቆይቶ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሞ በዚያው በጃፓን ታትሟል። ባለቤቶቹ መወደሳቸውን ሳይወዱት አልቀሩም፤ አገሩ የብርሃን ማደሪያ ስትባል ቅር የሚለው ማን አለ?

የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ፊተኛው አንባቢ ነው። ቶኪዮን አይቶ ለማያውቀው፣ አዲስ አበባም ይሁን እንደ እኛ ሾኔ ተቀምጦ ለሚያነበው ኢትዮጵያዊ፣ ይህ መጽሐፍ ምን አሳየው? ምንስ ሸፈነበት? መጽሐፉን ብዙዎቻችን የምናውቀው በርእሱ ነው፤ ሲጠራ እንጂ ሲመረመር አይታይም። ኅሩይን በ«ወዳጄ ልቤ»ና በ«አዲስ ዓለም» የሚያነሡ ተቺዎቻችንም የጉዞ መጻሕፍታቸውን እንደ ሥራ ማስታወሻ ቆጥረው ያልፏቸዋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። ልብ ወለዶቻቸው የሚመክሩት አንድን ሰው ነው። የጃፓኑ መጽሐፍ ግን አንድን መንግሥት ሊመክር የተነሣ ነው፤ ስለዚህ ቢሳሳት ስሕተቱም የዚያኑ ያህል ይከብዳል።

የጉዞው ምክንያት የታወቀ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ ጃፓን መልእክተኛ ልካ ነበር። በማግሥቱ ወር በሁለቱ አገሮች መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በተከታዩ ዓመት መግቢያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኅሩይ ልጅ አርአያ አበበንና ሌሎችንም አስከትለው፣ የንጉሠ ነገሥታቸውን ምስጋና ይዘው፣ ከጂቡቲ በመርከብ ተነሡ። ሳምንታት የፈጀውን ባሕር ተሻግረው ቶኪዮ ገቡ፤ በንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶም ፊት ቀረቡ።

እዚህ ላይ አንድ የቀን ቅደም ተከተል ልብ ይባል። በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀውና የ1889 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ሕገ መንግሥት አብነት የሆነለት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ይህም ከጉዞው ሁለት ወር ያህል ቀድሞ ማለት ነው። ከዚያም አስቀድሞ እነ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጃፓንን በምሳሌነት አንሥተዋል። እንግዲህ ኅሩይ መርከብ የተሳፈሩት ጃፓን ምን ዓይነት አገር እንደ ሆነች ለመመርመር አልነበረም። እርሱ ነገር አልቆ ነበር። የሄዱት ለተፈረደ ፍርድ ምስክር ፍለጋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምስክር ፍለጋ የሄደ ሰው ደግሞ የሚጠቅመውን ቃል ሲሰማ ይጽፋል፤ የቀረውን ለምን ይጽፈዋል?

በአጻጻፋቸው በኩል ኅሩይ ኅሩይ ናቸው። ዐረፍተ ነገራቸው ቀና ነው፤ ቃል አያባክኑም፤ የአንባቢያቸውን ዕውቀት አይንቁም፣ አያጋንኑም። ራስ ተፈሪን ተከትለው አውሮፓን የዞሩበትን የ1916ቱን ጉዞ በ«ደስታና ክብር» ሲጽፉ የለመዱትን መንገድ ነው እዚህም የያዙት። ይኸውም የዜና መዋዕል መንገድ ነው። በዜና መዋዕል ውስጥ ከተማ ማለት አቀባበል ነው፤ ማን ወጥቶ ተቀበለ፣ የት አሳረፈ፣ ምን አበላ፣ ምን አሳየ። መንገዱና ድልድዩ፣ ሕንፃውና ፋብሪካው የሚታዩት ከሠረገላው ውስጥ ነው። እኔ በዚህ አልነቅፋቸውም። የቤተ ክህነት ተማሪ፣ የቤተ መንግሥት ባለሟል፣ በላዩም መልእክተኛ የሆነ ሰው በሌላ መንገድ ይጻፍ ማለት ዳዊት ደጋሚን ለምን አልዘፈንህም ብሎ እንደ መክሰስ ነው። ሆኖም ዘዴው ከጸሐፊው ይልቅ ለባለ ቤቱ እንደሚያደላ መታወቅ አለበት። ምን እንደሚታይ የሚመርጠው አሳዪው ነውና።

አሳዪዎቹ ያሳዩት ከተማ እንዴት ያለ ነበር? ኢትዮጵያዊው አንባቢ «የጥንታዊው መንግሥት ዋና ከተማ» ሲባል በዐይነ ኅሊናው የሚመጣለት ጎንደር ነው። ቶኪዮ ግን እንደዚያ አልነበረችም። እስከ 1868 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ስሟ ኤዶ ነበር፤ የጦር አለቆቹ የሾጉኖች መቀመጫ። ንጉሠ ነገሥቱ የሚኖሩት ከ794 ጀምሮ ዋና ከተማ በሆነችው በኪዮቶ ነው። ወጣቱ ሜጂ ወደ ኤዶ ሲዛወሩ ከተማይቱ «የምሥራቅ መናገሻ» ማለት በሆነው በቶኪዮ ስም ተጠራች። ስለዚህ እንደ መናገሻ ከተማ ስትቆጠር፣ ከእንጦጦ ወርዳ ከተቆረቆረችው አዲስ አበባ የምትበልጠው ሃያ ዓመት እንኳ በማይሞላ ጊዜ ነው!

ከዚህም ይልቅ የሚደንቅ አለ። ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. እኩለ ቀን ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀረው የመሬት መንቀጥቀጥ ቶኪዮንና ዮኮሃማን አናወጠ። ምሳ የሚበሰልበት ሰዓት ስለ ነበረ ከየምድጃው የተነሣው እሳት የእንጨቱን ከተማ በላው፤ ከ100,000 በላይ ሰው ሞተ። ኅሩይ የደረሱት ከዚህ በኋላ ስምንት ዓመት ቆይተው ነው። ያዩት ሰፊ ጎዳና፣ ያዩት የብረት ድልድይ፣ በአሳኩሳና በኡዌኖ መካከል በ1927 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው በእስያ የመጀመሪያ የሆነው የምድር ውስጥ ባቡር፣ ይህ ሁሉ አዲስ ነበር። የሜጂ መታሰቢያ የሆነው ታላቅ መቅደስ እንኳ የተመረቀው በ1920 ነው። የድሮው የኤዶ ግንብ ዋና ሰገነት በ1657 ተቃጥሎ ከዚያ ወዲህ አልተሠራም፤ የቀሩት የድንጋዩ ካብና ውኃ የሞላው ጉድባ ናቸው። በኦሳካ ከተማም የታወቀው ግንብ በሲሚንቶ እንደ ገና ተሠርቶ የተጠናቀቀው ልክ ኅሩይ ጃፓን በነበሩበት በኅዳር 1931 (እ.ኤ.አ.) ነው።

እኔ መጽሐፉን ሳነብ አጥብቄ የፈለግሁት ይህን ነበር። ጃፓን ጥንታዊነቷን የጠበቀችው ድንጋይን ባለመንካት አይደለም፤ ደጋግማ በመሥራት ነው። በኢሴ ያለው ቅዱስ መቅደሳቸው በየሃያ ዓመቱ ፈርሶ ከጎኑ በአዲስ እንጨት፣ በድሮው ልክና በድሮው ስፌት ይሠራል። በመጨረሻ የተሠራው በ2013 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሕንፃው አዲስ ነው፤ ዕድሜው ያለው በአናጺው እጅ ውስጥ ነው። አባት ለልጅ፣ ጌታ ለደቀ መዝሙር ሙያውን ካላስተላለፈ መቅደሱ በሃያ ዓመት ይሞታል። ይህንን ያስተዋለ ኢትዮጵያዊ ስለ ራሱ አገር የሚጠይቀው ብዙ ነበረው። እኛ ዘንድ ግንቡ ቆሟል፤ ግንበኛው የት አለ? የፋሲልን ቤት ጣሪያ ከጥንቱ ሳያፋልስ የሚመልስ ሙያተኛ በጎንደር ከየትኛው አባት ይማራል? በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የተነሣው ክርክር ይፍረስ አይፍረስ በሚል ብቻ ታጥሮ ቀረ፤ የፈረሰውን መልሶ መሥራት የሚችል እጅ አለን ወይ ያለ ሰው ብዙም አልሰማሁም። ኅሩይ የጃፓንን ነገሥታት የዘር ሐረግ ከእኛ ነገሥታት ጋር ማስተያየቱ ልባቸውን ወስዶታል፤ ያ ለአገር ክብር የሚረዳ ነገር ነው። የሚጠቅመን ግን አናጺው ነበር።

አሁን ወደ ተሸፈነው ልምጣ። ዘውዱ በተጫነ በ12ኛው ቀን፣ ኅዳር 5 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የጃፓኑ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃማጉቺ በቶኪዮ ባቡር ጣቢያ በጥይት ተመተው ነበር። በዚያው ቁስል ነሐሴ 20 ቀን ዐረፉ፤ የእኛ መልእክተኞች ጓዛቸውን ሲያሰናዱ ማለት ነው። መስከረም 7 ቀን 1924 ዓ.ም. ደግሞ የጃፓን ጦር በማንቹሪያ፣ በሙክደን ከተማ አጠገብ የገዛ ራሱን የባቡር ሐዲድ በፈንጂ አናግቶ፣ በቻይናውያን አሳብቦ፣ አገሪቱን መውረር ጀመረ። ኅሩይ በቶኪዮ ግብዣ ላይ በተቀመጡባቸው ሳምንታት ፓሪስ ላይ የመንግሥታት ማኅበር ስለዚሁ ወረራ ይከራከር ነበር። የቻይና መልእክተኛ ቆሞ ያሰማው አቤቱታ፣ ከአራት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ የእኛው ንጉሠ ነገሥት በዚያው ማኅበር ፊት የሚያሰሙት ነው።

የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሺዴሃራ ራሳቸው ጦሩን መግታት ያቃታቸው ሰው ነበሩ። በታኅሣሥ ካቢኔው ሲወድቅ ከሥልጣን ወረዱ። ግንቦት 7 ቀን 1924 ዓ.ም. አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኑካይ በመኖሪያ ቤታቸው በወጣት መኮንኖች ተገደሉ። በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በእነዚያ ዓመታት አዝመራው በብርድ ተበላሽቶ ሴት ልጁን እስከ መሸጥ የደረሰ ገበሬ ነበረ። የዚያ ዓመት ጃፓን ይህች ናት፤ የመጽሐፉ ጃፓን ግን የብርሃን ማደሪያ።

አንድ ወዳጄ ይህን ሳነሣበት፣ «መልእክተኛ ናቸው እኮ፤ በሰው ቤት እንጀራ እየበሉ የባለ ቤቱን ጉድ ይጻፉ ትላለህ?» አለኝ። ክርክሩ ደካማ አይደለም። መልእክተኛ የሰማውን ለላከው በጆሮ ይነግራል እንጂ በማተሚያ ቤት አያወጣም። ምናልባትም ኅሩይ ለንጉሡ በቃል የነገሩት ከጻፉት የሰፋ ይሆናል። ነገር ግን የመጽሐፉ አንባቢ ንጉሡ ብቻ አልነበሩም። ማንበብ የሚችለው ያ ትንሽ ወገን፣ ከአውሮፓ ተምሮ የተመለሰው ወጣት፣ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ ጃፓንን ያየው በዚህ መስኮት ነው። በቆዳው ነጭ ያልሆነ፣ ባለ ዘውድ፣ ጥንታዊ፣ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ሩስያን ድል የነሣ መንግሥት በችግር ቀን አይከዳንም የሚለው ተስፋ እዚህ ላይ ሥር ሰደደ። ልጅ አርአያ ከጃፓናዊት ባላባት ልጅ ጋር ሊጋቡ ነው የተባለው ወሬ በ1926 ዓ.ም. የዓለምን ጋዜጦች ያጨናነቀውም በዚህ ስሜት መካከል ነው፤ ጋብቻው ሳይፈጸም ቀረ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ድንበር ጥሳ ገባች። ለኢትዮጵያ ያዘነ የጃፓን ሕዝብ ብዙ ነበር፤ ይህንን መካድ ግፍ ነው። መንግሥቱ ግን ስለ ማንቹሪያ የሚያስበውን ነበር የሚያሰላው። ጠላት አዲስ አበባን በያዘበት በዚያው በ1936 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጃፓን በአዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ አድርጋ የኢጣልያን ግዛት በተግባር ዐወቀች። በተራዋ ኢጣልያ በ1937 ለጃፓን ሥራ ለማንቹኩዎ እውቅና ሰጠች። ኅሩይ ይህንን ሁሉ የሰሙት በእንግሊዝ አገር፣ በባዝ ከተማ፣ በስደት ሆነው ነው። በመስከረም 1931 ዓ.ም. እዚያው ዐረፉ። በመጨረሻዎቹ ወራት ስለ ቶኪዮ ምን አስበው ይሆን? አንድ ገጽ ጽፈውልን ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አንባቢ ሁሉ ሁለተኛ ጊዜ ያነበው ነበር።

የእኔ ነቀፌታ ታዲያ ከሾኔ ለምን መጣ? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የመጣው ከዚሁ ከሾኔ ስለ ሆነ ነው። ከአላባ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ሾኔን የሚያቋርጥ ሰው ከመንገዱ ዳር የሚያያቸው አንዳንድ ፎቅ ቤቶች የቆሙት ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ ነው። የሀዲያና የከምባታ ወጣት ወደዚያ መሄድ ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከዚያ የሚላከውን ፎቶግራፍ ሁላችንም እናውቀዋለን። ልጁ በጆሐንስበርግ የመስተዋት ሕንፃ ፊት ቆሟል፤ ወይም መኪና ተደግፏል፤ መኪናው የማን እንደ ሆነ አይጻፍም። የሚሸጥበት የብረት ፍርግርግ ያለው ሱቅ፣ ከኋላው የሚተኛበት ጠባብ ክፍል፣ በ2008 (እ.ኤ.አ.) እና ከዚያም ወዲህ ባዕዳን ሲዘረፉና ሲገደሉ የተደበቀበት ሌሊት በፎቶግራፉ ውስጥ የለም። ልጁ ዋሽቷል? አልዋሸም። ሕንፃው አለ፤ ፊቱም ቆሟል። እናቱ እንዳታዝን፣ ሰፈሩም እንዳይንቀው የሚታየውን መረጠ። ታናሽ ወንድሙ ግን ፎቶግራፉን አይቶ ለመንገድ ተነሣ።

ብላቴን ጌታውን ከአንድ የስደት ልጅ ጋር ማወዳደሬን እንደ ድፍረት የሚቆጥር ካለ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለቱም ግን የጻፉት ለሚወዱት ሰው ነው። ኅሩይ ለአገራቸው ይቸኩሉ ነበር፤ ኢጣልያ በኤርትራና በሶማሊያ በኩል በር ላይ ቆማለች፤ ጊዜ የለም። «እኛም እንችላለን» የሚያሰኝ አንድ አገር ማሳየት ነበረባቸው። አውሮፓን ብቻ ሥልጣኔ አድርጎ ያየ የነበረውን የዘመኑን ሰው አንገት ወደ እስያ ማዞራቸው ትልቅ ሥራ ነው። መጽሐፉን ዛሬም የሚያስነብበው ይህ ችኮላና ይህ መንፈሳዊ ቅናት ነው፤ በየገጹ ይሰማል። ከሃያ ዓመት በኋላ የወጣው የከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሰለጠነች» ሰከን ያለና በትምህርት ነገር ላይ ያተኮረ መጽሐፍ ነው፤ ያ ርኀብ ግን የለበትም።

ኅሩይ ያዩት ቶኪዮ ዛሬ በአብዛኛው የለም። መጋቢት 1 ቀን 1937 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት የአሜሪካ አውሮፕላኖች ባወረዱት እሳት 100,000 ያህል ሰው አልቆ የአሳኩሳ ታላቅ መቅደስ ተቃጠለ። በተከታዩ ወር የሜጂ መቅደስ፣ በግንቦትም የሜጂ ቤተ መንግሥት ነደዱ። ሁለቱም መቅደሶች በ1958 (እ.ኤ.አ.) ተመልሰው ተሠሩ፤ ቱሪስት ዛሬ ፎቶግራፍ የሚያነሣው እነዚህኑ ነው።

በሜጂ መቅደስ የውጭ አጸድ ላይ ስታዲዮም ነበር። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሌላ ኢትዮጵያዊ ከዚያ ተነሥቶ ከተማይቱን አቋርጦ በምዕራብ በኩል ወጣ፤ ዞሮም ተመለሰ። የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። አበበ ቢቂላ ቶኪዮን ያየው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ነው፤ አስጎብኚ አልነበረውም፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመው የከተማው ሰው ብቻ ነበር። ሜዳልያው ሲሰጠው የሙዚቃው ጓድ የኢትዮጵያን መዝሙር ባለማወቁ የጃፓንን መዝሙር እንዳሰማ ይነገራል።